ፎቶው ላይ ያለው ዓሣ ስለ ባሕሩ ምን ይነግረናል?

ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። አራት ኪሎ ላይ ዝናቡ ሳናስበው ወረደብን። ለክረምት ከፍሎሪዳ የመጣው የአክስቴ ልጅና እኔ እየሮጥን አንዲት ትንሽ ዓሣ ቤት ገባን። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ረቡዕና ዓርብ የዓሣ ቤቶች ገበያ እንደሚደራ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ብቻቸውን የተቀመጡ አንድ አባት ጠጋ አሉልንና ጠረጴዛ ተጋራን።

ሙሉ ጥብስ አዘዝን። እስኪመጣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣ። "እስቲ ይሄን እየው" አለኝ። አምስት ሰዎች አንድ የእንጨት ሰሌዳ ፊት ቆመዋል። ሰሌዳው ላይ አሥር ቀያይ ዓሦች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዳቸው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያክላሉ። ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ወደ አገር ቤት ሊመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጀልባ ተከራይተው የወጡበት ቀን ነው።

አባም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት። "አይ የሰው አገር!" አሉ። "እነሱ ጋ ባሕሩ ሞልቶ ተርፏል። እኛ ጋ ግን ዝዋይ አለቀ፣ ሐዋሳ አለቀ ነው የሚባለው።"

ማንም ሰው ያንን ፎቶ አይቶ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። ስለ ዓሣና ስለ ሐይቅ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አሥር ዓሣ የተሰቀለበት ሰሌዳ ባሕሩ መሙላቱንም መጉደሉንም አይነግርም። የሚነግረው ስለ አጥማጆቹ፣ ስለ ሕጉና ስለ ቀኑ ነው። ስለ ባሕሩ ለማወቅ ፎቶው ላይ የሌለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ለፍሎሪዳ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎ ሳህናችን ላይ ለሚመጣው ዓሣም ይሠራል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፈው የፈለግኩት።

መጀመሪያ ስለ ጀልባው። እዚያ ዓሣ ለማጥመድ የራስህ ጀልባ ሊኖርህ ግድ አይደለም። ካፒቴኑን ከነጀልባው፣ ከነዘንጉና ከነመንጠቆው ለግማሽ ቀን ወይም ለሙሉ ቀን ትከራያለህ። እኛ ሚኒባስ ኮንትራት እንደምንይዘው ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኮንትራት ጀልባ እለዋለሁ። ትንንሾቹ እስከ 6 ከፋይ ተሳፋሪ ይይዛሉ። ካፒቴኑ ቦታውን ያውቃል። ረዳቱ ማጥመጃውን ያዘጋጃል፣ ሲመለሱ ዓሣውን እየበለተ ያጸዳል፣ ቲፑን ይቀበላል።

ጉዞው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የዳር ጉዞ ነው። ጀልባው ከመሬት ሳይርቅ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ከባሕር ሣሩና ማንግሮቭ ከሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር ይንቀሳቀሳል። እዚያ የሚያዙት እነ ሬድፊሽና እነ ስኑክ ናቸው። ሌላው የጥልቅ ጉዞ ነው። መሬት ከዓይን እስኪጠፋ ይኬዳል። እዚያ ሬድ ስናፐር፣ ማሂ ማሂ፣ ቱና፣ ዕድል ከቀና ማርሊን ይገኛል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የዳሩን፣ በሁለተኛው ቀን የጥልቁን ወጥቷል። ሰሌዳው ላይ ያሉት ቀያዮቹ የሁለተኛው ቀን ሬድ ስናፐሮች ናቸው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ስንት ሰው አለ? አምስት። ስንት ዓሣ አለ? አሥር። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በፌዴራሉ ውሃ (ከዳር ራቅ ያለው፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚያስተዳድረው)፣ አንድ ተሳፋሪ በቀን ከ2 ሬድ ስናፐር በላይ ይዞ መመለስ አይፈቀድለትም። አምስት ሲባዛ በሁለት አሥር ነው። ውሃው ውስጥ መቶ ሺህ ቢኖር ሰሌዳው ላይ አሥር ነው። አንድ ሺህ ብቻ ቢቀርም፣ ካፒቴኑ ጎበዝ ከሆነ፣ ሰሌዳው ላይ ያው አሥር ነው። ቁጥሩን የወሰነው ባሕሩ ሳይሆን ሕጉ ነው።

ቀኑንም የወሰነው ሕጉ ነው። በፌዴራሉ ውሃ ለኮንትራት ጀልባዎች የሬድ ስናፐር ወቅት የሚከፈተው ጁን 1 ነው። በእኛ ግንቦት 24 መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወደቡ የሬድ ስናፐር ፎቶ ይጎርፋል። ያየ ሰው ዓሣው ያን ሰሞን ከየት መጣ ሊል ይችላል። ዓሣው ግን ከየትም አልመጣም። ባለፈው ሳምንትም እዚያው ነበር። የተከፈተው በሩ ነው።

መጠኑም እንዲሁ። ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ሬድ ስናፐር ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ትንሽ ዓሣ አይታይም። ትንንሾቹ ብዙ ናቸው ወይስ የሉም? ሰሌዳው መልስ የለውም። አንድ ባሕር ነገ የሚኖረው ዓሣ ግን የዛሬዎቹ ትንንሾች ናቸው። ዋናው ወሬ ያለው ካሜራው ፊት ባልቀረቡት ዘንድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ደግሞ ሌላ ነገር ይደብቃል። የአክስቴ ልጅ አንድ ሬድፊሽ አቅፎ ቆሟል። ጭራው አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ መዳብ የሚመስል የሚያምር ዓሣ ነው። "ከዚህ በጣም የሚበልጥ ይዤ ነበር፣ ግን መልሱት ተባልን" አለኝ። እውነቱን ነው። በፍሎሪዳ ሬድፊሽ የሚወሰደው ከ18 እስከ 27 ኢንች ከሆነ ብቻ ነው። በእኛ ልኬት ከ46 እስከ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያነሰውም ይመለሳል፣ የበለጠውም ይመለሳል።

ትንሹ ለምን እንደሚመለስ ይገባናል። ትልቁስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። በግ ቢሆን ትልቁን አርደን ግልገሉን እንተው ነበር። የዓሣ ነገር ግን ይለያል። በግ ብታረጅም የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት ነው። ዓሣ ግን በጨመረች ቁጥር የእንቁላሏ ብዛት ከሰውነቷ በላይ ያድጋል። ስለ ሬድ ስናፐር ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ስሌት አለ። 61 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት እናት ዓሣ የምትይዘው እንቁላል፣ 42 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 212 እናቶች በአንድ ላይ ከሚይዙት ጋር እኩል ነው። 212! ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ትልቋ እናት ጥብስ ስትሆን የጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም።

ሬድፊሽ ይህ ጥበቃ የተደረገለት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኒው ኦርሊንሱ ምግብ አብሳይ ፖል ፕሩዶም ሬድፊሽን በቅመም ሸፍኖ በጋለ ብረት ምጣድ እያጠቆረ መጥበስ ጀመረ። ምግቡ በመላው አሜሪካ ገነነ። ሁሉም ምግብ ቤት ሬድፊሽ አምጡ አለ። ጥልቁ ውስጥ በመንጋ የሚሄዱት ትልልቆቹ እናቶች በትልልቅ መረብ ተዛቁ። መንግሥት በፌዴራሉ ውሃ ሬድፊሽ ማጥመድን ከለከለ። ክልከላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። አንድ የምግብ ፋሽን ባሕር ሊያራቁት ይችላል። ዓቢይ ጾም ሲገባ የአዲስ አበባን የዓሣ ዋጋ የተከታተለ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አያጣም።

ይህን እያወራን እያለ ከጓዳው በር ላይ ምግብ የሚሠሩት እናት ዓሣ ሲበልቱ ይታየኝ ነበር። ጎማ የመሰለውን መክተፊያ በውሃ አለቅልቀው አንድ ቆሮሶ አስተኙበት። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ጠራረጉት። ሆዱን ከፍተው አንጀቱን በአንድ እጅ ሳቡት። ከአከርካሪው ሥር አንዲት ነጭ፣ ስስ፣ አየር የሞላች ከረጢት ብቅ አለች። "እትዬ፣ እሷን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "ይቺን ፊኛ? ልጆች ሲሆኑ ይጫወቱባታል" ብለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ክብደት የላትም። ጫን ስላት ትመለሳለች። የአክስቴ ልጅም ነካት።

በዚያች ፊኛ ነው ዓሣ ውሃ ውስጥ ሳይሰጥምና ሳይንሳፈፍ የሚቆመው። ሰሌዳው ላይ የማይታየው ሌላው ትልቅ ነገርም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ሬድ ስናፐር የሚያዘው ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ዓሣው በመንጠቆ ተጎትቶ በአንድ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር ይነፋል። ዓይኑ ይጎለጎላል። ሆድ ዕቃው በአፉ ይወጣል። እንዲህ የሆነውን ዓሣ "ትንሽ ነው፣ ይመለስ" ብለህ ብትወረውረው መጥለቅ አይችልም። ላይ ላይ ሲንሳፈፍ ወይ ፀሐይ ይጨርሰዋል፣ ወይ ዶልፊን ይወስደዋል።

ስለዚህ "አሥር ይዘን፣ ሃያ መለስን" ሲባል፣ ከሃያዎቹ ስንቱ ዳነ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ክብደት ባለው መቆንጠጫ የዓሣውን አፍ ይዞ ወደ ጥልቁ መልሶ ማውረድና እዚያ መልቀቅ። ፊኛው በግፊቱ ይመለሳል፣ ዓሣውም ይሄዳል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይህን መሣሪያ ወይም አየሩን ማስተንፈሻ መርፌ ለአገልግሎት ዝግጁ አድርጎ መያዝ ግዴታ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ ወጥቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ አስታወሰ። "ረዳቱ አንዳንዱን ከባድ ብረት ላይ አስሮ ሲያወርድ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም" አለ።

ቀጥሎ የጠየቅኩት ሰዓቱን ነው። "ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?" ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥተው ቀን 10 ሰዓት ተመልሰዋል። ከዚያ ውስጥ አምስቱ ሰዓት መሄጃና መመለሻ ነው። ማጥመጃው ውሃ ውስጥ የነበረው አምስት ሰዓት ያህል ነው።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? ሁለት ጀልባ እናስብ። ሁለቱም አምስት አምስት ሰው፣ ሁለቱም አሥር አሥር ዓሣ። ፎቷቸው አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ግን አሥሩን በሁለት ሰዓት ያዘ። አምስት ሰው በሁለት ሰዓት ሲባዛ አሥር የሰው ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሰዓት አንድ ዓሣ ያዘ ማለት ነው። ሁለተኛው ስምንት ሰዓት ፈጀበት። አርባ የሰው ሰዓት። አንድ ሰው አንድ ዓሣ ለመያዝ አራት ሰዓት ለፋ። የሁለተኛው ውሃ የሳሳ ነው፣ ወይም ካፒቴኑ ደካማ ነው፣ ወይም ቀኑ ክፉ ነው። ብቻ አንድ ነገር አለ። የዓሣ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ሐይቅ ወይም ባሕር ሲያጠኑ መጀመሪያ ከሚፈልጉት ቁጥር አንዱ ይኸው ነው። ስንት ተያዘ የሚለው ብቻ አይበቃም። ለስንት ልፋት ስንት ተያዘ ነው ጥያቄው።

ባዶ እጁን የተመለሰ ጀልባ ደግሞ ፎቶ የለውም። ካፒቴኖቹ ኑሯቸው ደንበኛ ማግኘት ነውና የሚያሳዩት የቀናቸውን ቀን ነው። አልፈርድባቸውም። ግን የሰሞኑን ወሬ ብቻ ሰምቶ ባሕሩን የሚገምት ሰው የተመረጡ ቀናትን ነው ያየው።

እሺ፣ ሰዓቱንም ቆጠርን እንበል። አሁንም ልንሳሳት እንችላለን። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ድርቅ ሲመታ ቦረና ላይ ምን ይሆናል? ኩሬው ሁሉ ይደርቅና ከብቱ ሁሉ ውሃ ወዳለበት ኤላ ይሰበሰባል። በዚያ ቀን ኤላው ዳር የቆመ እንግዳ ምን ያያል? ከብት በከብት ላይ። "እንዴት ያለ የከብት አገር ነው!" ብሎ ይመለሳል። ከኤላው ማዶ ያለው ሜዳ ባዶ መሆኑን አላየም። ከብቱ ካለቀ በኋላ እንኳ የተረፈው እዚያው ስለሚሰበሰብ፣ ኤላው ዳር ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻው ብዙ መስሎ ይቆያል።

ብዙ ዓሦችም እንዲህ ናቸው። ክፍት ውሃ ላይ ተበትነው አይኖሩም። ድንጋይ፣ የሰጠመ መርከብ፣ የወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሆን ተብሎ መርከብ ይሰጥምላቸዋል። ኦሪስካኒ የተባለው የአውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ2006 ፔንሳኮላ አቅራቢያ እንዲሰጥም ተደርጎ የዓሣ መንደር ሆኗል። ካፒቴኑ የቦታውን ቁጥር ጂፒኤሱ ላይ መዝግቧል። ሶናሩ ከሥሩ ያለውን ዓሣ ስክሪን ላይ ያሳየዋል። አንዱ ቦታ ሲሳሳ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ልፋት የሚያዘው ዓሣ ሳይቀንስ ባሕሩ ሊቀንስ ይችላል። ኤላው ዳር ነው የሚያጠምደው።

በዚህ ስህተት የደረሰው ትልቁ ጥፋት የካናዳው ነው። ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለ500 ዓመት ገደማ ሰው ሲያጠምደው ኖሯል። ከውጭ የመጡ ግዙፍ መርከቦች ተጨምረው እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ ዓመት ብቻ 800 ሺህ ቶን ገደማ ወጣ። ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። ካናዳ የውጮቹን አስወጥታ ራሷ መቆጣጠር ጀመረች። በ1980ዎቹ ጥልቁ ላይ የሚሠሩት ትልልቅ መርከቦች ደህና ይዘው ይመለሱ ነበር። የተረፈው ኮድ ተሰብስቦ የሚገኝበትን ቦታ መሣሪያቸው ያገኘዋል። ገማቾቹም በአብዛኛው የእነሱን ቁጥር ይዘው "ክምችቱ እያገገመ ነው" አሉ።

ዳር ላይ በትንሽ ጀልባ የሚሠሩት አጥማጆች ግን ሌላ ነገር ያዩ ነበር። እነሱ ዓሣውን አሳደው አይሄዱም። መረባቸውን ባሉበት ዘርግተው ነው የሚጠብቁት። "ዓሣው አነሰ፣ መጠኑም ቀነሰ" ብለው ጮኹ። ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 መንግሥት የኮድ ማጥመድን ዘጋ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። የጥልቁ መርከብ ኤላው ዳር ቆሞ ነበር። የዳሩ አጥማጅ ሜዳውን ነበር የሚያየው። ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር የሚያሳዝነኝ እውነቱን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው። ያልጠየቁት እሱን ነው።

ታዲያ ፎቶ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። አንድ ፎቶ ነው የማይጠቅመው። የሃምሳ ዓመት ፎቶ ግን ሌላ ነው።

ፍሎሪዳ ጫፍ ላይ ኪ ዌስት የምትባል ከተማ አለች። የኮንትራት ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደንበኞቻቸውን በዚያው በወደቡ ሰሌዳ ፊት ፎቶ ያነሱ ነበር። ሎረን ማክሌናቻን የተባለች ተመራማሪ እነዚያን የድሮ ፎቶዎች ሰብስባ ዓሦቹን መለካት ጀመረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በ1956 ሰሌዳው ላይ የሚሰቀለው ዓሣ በአማካይ 19.9 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ2007 ግን 2.3 ኪሎ ሆኗል። ድሮ ከሰው የሚበልጥ ግሩፐርና ሻርክ ነበር የሚሰቀለው። በኋላ በክንድ የማይሞሉ ስናፐሮች ተተኩ።

ከቁጥሩ በላይ የነካኝ ሌላው ነው። የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ የጉዞው ኪራይ አልረከሰም። የሰዎቹ ፈገግታም አልቀነሰም። በ2007 2 ኪሎ ዓሣ ይዞ የቆመው ሰው በ1956 20 ኪሎ ይዞ ከቆመው እኩል ደስ ብሎታል። ድሮ ምን እንደነበር አያውቅማ። ዳንኤል ፓውሊ የተባለው የባሕር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ ጽፏል። እያንዳንዱ የዓሣ ተመራማሪዎች ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያየውን እንደ መነሻ ይወስዳል፣ ከዚያ ወዲህ የጎደለውን ብቻ ይቆጥራል፤ ከዚያ በፊት የጎደለው ተረስቶ ይቀራል ነው የሚለው።

ጥብሱ መጣ። ሁለት ቆሮሶ፣ ጎናቸው በቢላ ተጫጭሮ፣ ቆዳቸው ክው ብሎ፣ ሎሚና ዳጣ በጎን፣ ትኩስ ዳቦ። አባ ሳህኑን አዩና "ድሮ እኮ አንዱ ነበር ሳህኑን የሚሞላው። ጭራው ተርፎ ይወጣ ነበር" አሉ። የአክስቴ ልጅ አልመለሰም። እሱ ከአገር የወጣው ልጅ ሆኖ ነው። ለእሱ ሁለት ዓሣ በሳህን ልክ ነው። የኪ ዌስቱ ሰሌዳ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሎ ታየኝ። አባ የ1956ቱ ናቸው፣ እሱ የ2007ቱ።

ቆሮሶ ለምን ያንሳል? አንዱ ምክንያት መረቡ ነው። የመረቡ ዓይን ሰፊ ሲሆን ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይያዛል። ትልቁ ሲጠፋ አጥማጁ የሚበላው ስለሌለው ዓይኑ ጠባብ የሆነውን መረብ ይገዛል። አሁን ትንሹም አያልፍም። ቆሮሶ ደግሞ አስገራሚ ዓሣ ነው። ሲጨንቀው ሳያድግ መውለድ ይጀምራል። እናትየዋ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አፏ ትንሽ ከሆነ የምትይዘውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ፣ ይወልዳል፣ ይያዛል። ግን አጭርና ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የአጥማጆቹ ማኅበር ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ኩንታል ትልልቅ ቆሮሶና አንድ ኩንታል ትንንሽ ቆሮሶ ያው አንድ ኩንታል ነው። ኪሎው ብቻ ከተመዘገበ ልዩነቱ አይታይም።

የእኛ ኤላ ደግሞ ጣና ላይ አለ። ጣና ውስጥ ከሌላ ከየትም የማይገኙ ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። ከአሥር በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ለጥቂት ሳምንታት የወንዙ አፍ ላይ ተጨናንቀው ይቆማሉ። ያን ጊዜ መረብ የጣለ ሰው እጁ እስኪዝል ይስባል። ያን ቀን ወንዙ አፍ ላይ ፎቶ ቢነሳ ከፍሎሪዳው ይበልጣል። ግን የሚያዙት ሊወልዱ የወጡ እናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሥር ዓመት ገደማ፣ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ሕግ የለንም ማለት አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ፍሎሪዳም ያለው ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ወደብ ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው መኖሩ ነው። ለአባ ያልነገርኳቸው ነገርም ነበር፣ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሬድ ስናፐር ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። የሽሪምፕ መረቦች ጫጩቱን ከሽሪምፑ ጋር እየዛቁ ይጨርሱት ነበር። ከዚያ ወዲህ መረቡ ላይ ማምለጫ ቀዳዳ እንዲገባ ተደረገ፣ ቁጥር ተወሰነ፣ ወቅት ተዘጋ፣ ተከፈተ። አጥማጆቹ ሲበሳጩ፣ ሲከሱ፣ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዓሣው ግን ተመለሰ። የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላይ ያሉት አሥሩ ዓሦች ሞልቶ ከተረፈ ባሕር አልመጡም። አልቆ ከነበረና ሰው ከጠበቀው ባሕር ነው የመጡት።

"ታዲያ ዝዋይም ይመለሳላ!" አሉ አባ።

ዝዋይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ አማካዩ ከ3 ሜትር አይበልጥም። መስኖውም አበባውም ከተማውም ከእሱ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ የመረቡን ብቻ አስተካክሎ አይድንም። ቆሮሶ ግን ቶሎ የሚወልድ ዓሣ ነው። ሬድ ስናፐር ከ50 ዓመት በላይ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚሞላ ዓሣ ሆኖ ከተመለሰ፣ ቆሮሶ ጊዜ ቢሰጠው ከዚያ ፈጥኖ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ይህን ነው ያልኳቸው።

እናትየዋ ሁለተኛውን ሳህን ይዘው ሲመጡ "እትዬ፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?" አልኳቸው። "የሐዋሳ ነው። ሌሊት ነው የገባው" አሉ። የአክስቴ ልጅ ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ስልኩን ከዓሣው ጎን አስተኛው። ስልኩ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓሣው አንድ ስልክና ግማሽ አልሞላም። እኔ በእኔ ስልክ ፎቶ አነሳሁት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቆሮሶ፣ ሐዋሳ፣ ረቡዕ፣ 21 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ለክቻለሁ።